የታሰረ ሰው ሲኖርዎ፦ ፖሊስን በሕግ ለመጠየቅ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ የሚደረጉ ነገሮች

አንድ ሰው ከቤቱ፣ ከሥራ ቦታው ወይም ከመንገድ ላይ በፖሊስ ሲወሰድ፣ አብዛኛው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው ስልክ አንሥቶ «የምናውቀው ሰው አለ ወይ» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ከጭንቀት የሚመጣ ነገር ስለሆነ ማንንም የምወቅስበት አይደለም። ይሁንና ብዙ ጊዜ እንዳየሁት፣ ታሳሪውን ለማስፈታትም ሆነ በኋላ አጥፊውን ለመጠየቅ የሚጠቅመው ትውውቁ ሳይሆን ቤተሰቡ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በወረቀት ያሰፈረው ነገር ነው። የኢትዮጵያ ሕግ የፖሊስን የማሰር ሥልጣን የሚገድበው በዋናነት በሰዓትና በቀን ቆጠራ ነው፤ 48 ሰዓት፣ 14 ቀን፣ 20 ቀን፣ 2 ዓመት እያለ ይቀጥላል። ቆጠራው መቼ እንደጀመረ ማስረዳት ያልቻለ ሰው፣ መብቱ በሕገ መንግሥቱ የተጻፈ ቢሆንም ችሎት ፊት ባዶ እጁን ይቆማል።

ከዓመታት በፊት የሰፈራችን አንዲት እናት ልጃቸው ታስሮባቸው ችሎት አብሬያቸው ገብቼ ነበር። መርማሪው ተጠርጣሪው የተያዘው «ከትናንት ወዲያ» መሆኑን ለዳኛው ሲያስረዳ፣ እናትየው ከነጠላቸው ሥር አንድ ደብተር አወጡና ምግብ ያደረሱበትን ቀን፣ ሰዓትና ሳህኑን የተቀበላቸውን ፖሊስ ስም በተራ አነበቡ፤ ስንቅ ማመላለስ ከጀመሩ ሰባተኛ ቀናቸው ነበር። ዳኛው መርማሪው የጣቢያውን የዕለት ሁኔታ መዝገብ ይዞ እንዲቀርብ አዘዙ፤ ልጁም በዚያው ሳምንት በዋስ ወጣ። እዚህ የምጽፈው እንዲህ ያለ ደብተር እንዴት እንደሚያዝና በየትኛው በር ይዘውት እንደሚገቡ ነው።

ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው

ሰውየው የተያዘበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይጻፉ። የያዙት ሰዎች የደንብ ልብስ ለብሰው እንደሆነና እንዳልሆነ፣ የመኪናውን ዓይነትና የሰሌዳ ቁጥር፣ ስማቸውን ወይም የመለያ ቁጥራቸውን፣ የፍርድ ቤት የመያዣ ትእዛዝ አሳይተው ከሆነም የትእዛዙን ቀንና የሰጠውን ፍርድ ቤት ይያዙ። ያዩ ሰዎችን ስም ከነስልካቸው ያስፍሩ፤ በሦስተኛው ቀን ምስክር መፈለግ ከባድ ነው፣ ሰው ይፈራል፣ ይረሳል፣ ቦታ ይቀይራል።

ቤት ተፈትሾ ከሆነ ፍተሻው የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት ለብቻ ይጻፉ። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤት ሌላ ካላዘዘ በቀር ፍተሻ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲደረግ ይላል። የተወሰደው ዕቃ በዝርዝር መመዝገብ አለበት፤ ዝርዝሩን ሳያነቡ አይፈርሙ፣ ባዶ መስመር ካለም በብዕር ዘግተው ይፈርሙ። ስልክና ኮምፒውተር ተወስዶ ከሆነ መለያ ቁጥሩ ዝርዝሩ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሆነው ሁሉ ይገባል፦ ማን ጋ ሄዱ፣ ማን ምን መለሰልዎ፣ ምግቡን ማን ተቀበለ፣ ታሳሪውን አዩት ወይስ አላዩትም፣ አካሉ ላይ ምን ምልክት ነበር። ሁለት ሰው እየተፈራረቀ የሚሄድ ከሆነ ደብተሩ አንድ ይሁን፤ የጻፈው ሰው ከሥሩ ይፈርም። ማታ ማታ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሥተው ለሌላ ዘመድ ይላኩ፤ ደብተር ይጠፋል፣ ይወሰዳልም።

ያለበትን ማወቅና መግባት

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ ጣቢያው በር ላይ የሚለምኑት ውለታ የለም፤ የሚጠይቁት መብት ነው፣ የሚጠይቁትም በትሕትናና በግልጽ ቃል ነው። «እገሌ የተባለ ሰው በእናንተ እጅ አለ ወይ? የተያዘበት ምክንያት ምንድን ነው? ጉዳዩን የያዘው መርማሪ ማን ይባላል?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች በየጣቢያው ይዘው ይዙሩ። ከቅርቡ ጣቢያ ይጀምሩ፣ ወደ ክፍለ ከተማው መምሪያ ይለፉ፣ አዲስ አበባ ከሆነ የአዲስ አበባ ፖሊስ ኮሚሽንንና የፌዴራል ፖሊስን የወንጀል ምርመራ ክፍል ለየብቻ ይጠይቁ፤ አንዱ የሌላውን ታሳሪ ላያውቅ ይችላል።

«እዚህ የለም» የሚል መልስ ሲሰጥዎ ብዙ ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። እርስዎ ግን ያንኑ ጥያቄ በግማሽ ገጽ ማመልከቻ ጽፈው ለጣቢያው አዛዥ ያስገቡ፤ በቅጂው ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን እንዲደረግ ይጠይቁ። አንቀበልም ካሉ ምስክር ባለበት እምቢ ማለታቸውን ደብተሩ ላይ አስፍረው ማመልከቻውን በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ይላኩ፤ ደረሰኙ ያው ማስረጃ ነው። በኋላ ሰውየው እዚያው እንደነበረ ከታወቀ፣ ያ የተካደ ቀን ለሕገወጥ እስራቱ ትልቁ ማስረጃ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ስል አንድ ነገር ላሳስብ እወዳለሁ። «ነገሩን ላስጨርስላችሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው በየጣቢያው ደጅ አይጠፋም። ለእንዲህ ያለ ሰው የከፈለ ቤተሰብ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የመጠየቅ አቅሙንም ያጣል፤ ጉቦ መስጠት ራሱ ወንጀል ስለሆነ ከዚያ በኋላ አቤት ለማለት አፉ ይያዛል።

የ48 ሰዓቱ ጉዳይ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለውም እንዲያውቅ፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከዚህ ቆጠራ የሚቀነሰው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ ወይም በዓል አይቆጠርም የሚል ቃል በአንቀጹ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ዓርብ ማታ የተያዘ ሰው ሰኞ ከሰዓት ይቀርባል ሲባሉ በዝምታ አይቀበሉ። ተረኛ ችሎት መኖሩን ጠይቀው ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ።

ታሳሪውን ማግኘት ከቻሉ በአጭሩ ይህን ይንገሩት፦ ቃል ስጥ ሲባል ጠበቃ እፈልጋለሁ ማለት እንደሚችል፣ ያላነበበውን ወረቀት እንዳይፈርም፣ የሰጠው ቃል በተለየ መንገድ ተጽፎ ካገኘው ከመፈረሙ በፊት እንዲታረም እንዲጠይቅ፣ ዳኛ ፊት ሲቀርብም የተያዘበትን ትክክለኛ ቀንና ሰዓት በራሱ አንደበት ተናግሮ እንዲመዘገብለት። በችሎት ሳይመዘገብ የቀረ ነገር በይግባኝ ጊዜ እንዳልተባለ ይቆጠራል። የጠበቃ ክፍያ ካልቻላችሁ በፍርድ ቤቶች ሥር ያለውን የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት፣ በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ፣ ታሳሪዋ ሴት ከሆነችም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ይጠይቁ።

የጊዜ ቀጠሮን መሟገት

እስራት የሚረዝመው፣ በእኔ አስተያየት ተጠያቂነትም የሚጠፋው፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ብሎ ጊዜ ሲጠይቅ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የበለጠ እንዳይፈቅድ ይከለክላል። ነገር ግን ያው አንቀጽ 14 ቀኑ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ቁጥር አላስቀመጠም። በዚህ ክፍተት ሳቢያ ሰዎች ክስ ሳይመሠረትባቸው ለወራት ሲመላለሱ ኖረዋል። ክፍተቱን የሚሞላው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 4 ነው፤ ፍርድ ቤት የሚፈቅደው ጊዜ ለምርመራው አስፈላጊ በሆነው መጠን ብቻ እንዲሆን፣ ኃላፊ የሆኑት የሕግ አስከባሪ ባለሥልጣናትም ምርመራውን አጣርተው የተያዘው ሰው በተቻለ ፍጥነት ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያለውን መብት እንዲያስከብሩ ያስገድዳል።

በተግባር እንዲህ ይደረጋል። መርማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠሮ ሲጠይቅ «የሚቀረኝ» ብሎ የሚዘረዝራቸውን ሥራዎች ቃል በቃል ይጻፉ፦ የምስክሮች ቃል መቀበል፣ የባንክ መረጃ ማስመጣት፣ የስልክ ምርመራ ውጤት፣ ያልተያዙ ግብረ አበሮችን መያዝ። በሁለተኛው ቀጠሮ ያንኑ ዝርዝር ከደገመ ጠበቃው ወይም ታሳሪው ራሱ «ባለፈው ቀጠሮ ይህንኑ ሊሠራ 14 ቀን ተፈቅዶለት ነበር፤ በተሰጠው ጊዜ የሠራውን በመዝገቡ ያሳየን» ብሎ ይጠይቅ። ዳኛው የምርመራ መዝገቡን እንዲመለከቱ በግልጽ ያመልክት። ከባንክ ወይም ከቴሌ የሚመጣ ሰነድ ታሳሪው እስር ቤት ቢሆንም ባይሆንም የሚመጣ መሆኑን፣ ታሳሪው ሊያበላሸው እንደማይችልም ያስረዳ። ያልተያዘ ሰው መኖሩ የተያዘውን ለማቆየት ብቻውን በቂ ምክንያት እንዳልሆነ ይናገር፤ አለዚያ አንዱ የሌላውን መያዝ እየጠበቀ እስከ መቼ ሊታሰር ነው?

ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የችሎቱን ስም፣ የዳኛውን ትእዛዝና የሚቀጥለውን ቀን ይያዙ፤ የትእዛዙን ግልባጭ በማመልከቻ ይጠይቁ። ግልባጭ ማውጣት ጥቂት ብርና ግማሽ ቀን ቢወስድም ከደብተሩ ቀጥሎ ዋናው ሰነድዎ እርሱ ነው። ችሎት ሲቀመጥ ዘመድ ወዳጅ ይገኝ። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በጸጥታ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው መኖሩ ብቻ መርማሪውንም ዳኛውንም ጥንቁቅ ያደርጋል።

ዋስትና

የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 የሞት ቅጣት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የማያስቀጣና ተጎጂው የሚሞት መሆኑ የማያሠጋ ወንጀል ሲሆን ተጠርጣሪው በዋስ ሊለቀቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ አንቀጽ 67 ደግሞ መከልከያ ምክንያቶቹን ይወስናል፦ ተጠርጣሪው ግዴታውን አክብሮ የማይቀርብ ከመሰለ፣ ሌላ ወንጀል የሚፈጽም ከመሰለ፣ ወይም ምስክር የሚያባብልና ማስረጃ የሚያጠፋ ከመሰለ። ስለዚህ ወደ ችሎት ሲሄዱ ቋሚ አድራሻውን፣ ሥራውን፣ ቤተሰቡን የሚያሳይ ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ። ዋስትና ከተከለከለ በአንቀጽ 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይቀርባል። ሃያው ቀን ሳይታሰብ ያልፋልና በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ይጻፉት።

አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ

ሰውየው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ካልቀረበ፣ ወይም ሕግ ከሚፈቅደው ውጭ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከተያዘ፣ ወይም በዋስ እንዲለቀቅ ታዝዞ ፖሊስ ካልለቀቀው፣ ሕጉ የሰጠው ጠንካራ መሣሪያ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ነው። መነሻው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(4) ሲሆን፣ አቀራረቡ በ1958 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 እስከ 179 ተዘርዝሯል። አንቀጽ 19(4) ይህን መብት ማንም ሊገፍፈው እንደማይችል በግልጽ ቃል መናገሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህች አገር በደርግ ዘመን ሰው ተወስዶ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ የቀረበትን ጊዜ አይታለች፣ ማዕከላዊ የተባለው የምርመራ እስር ቤትም እስኪዘጋ ድረስ እስከ 2010 ዓ.ም. ቆይቷል።

አቤቱታው ረጅም መሆን የለበትም። ከሳሽ ታሳሪው ነው፤ ታሳሪው ራሱ ሊፈርም ካልቻለ ሌላ ሰው ያልቻለበትን ምክንያት ገልጾ በእርሱ ስም ሊያቀርበው ይችላል። በመጀመሪያው አንቀጽ ታሳሪው ማን እንደሆነና በማን እጅ እንዳለ ይገለጻል፤ መልስ ሰጪ የሚደረገው የጣቢያው ወይም የመምሪያው ኃላፊ ነው። በሁለተኛው የተያዘበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት አለመቅረቡ፣ ይህን የሚያስረዱ ምስክሮችም ስም ይሰፍራል። በሦስተኛው የሚጠየቀው ይጻፋል፦ «መልስ ሰጪው ታሳሪውን ይዞ እንዲቀርብና ለምን እንደማይለቀቅ እንዲያስረዳ፣ በቂ ምክንያት ካላቀረበም ታሳሪው ወዲያውኑ እንዲለቀቅ ይታዘዝልን» የሚል ነው። ከአቤቱታው ጋር የቃለ መሐላ ጽሑፍ፣ የደብተሩ ገጾች ቅጂ፣ ለጣቢያው የገባው ማመልከቻ ቅጂ ይያያዛል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ሲወጣ ሥልጣኑን ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጥቶ ነበር፤ ዛሬ በአዲስ አበባ በፌዴራል ፖሊስ እጅ ላለ ሰው አቤቱታው የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ክልል ላይ ከሆኑ በዚያ ክልል የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው ከሬጅስትራሩ ጠይቀው ያስገቡ።

ፍርድ ቤቱ ፖሊስን ሲጠራ ሁለት ዓይነት መልስ ይመጣል። አንደኛው «እኛ ጋ የለም» የሚል ነው፤ ያን ጊዜ ምግቡን የተቀበለው ፖሊስ ስም፣ የሪኮማንዴው ደረሰኝና ሲወሰድ ያዩት ምስክሮች ሥራቸውን ይሠራሉ። ሁለተኛው የችሎቱ መጥሪያ ለፖሊስ ከደረሰ በኋላ ታሳሪውን በጥድፊያ ሌላ ፍርድ ቤት አቅርቦ የጊዜ ቀጠሮ ማስፈቀድና «አሁንማ በትእዛዝ ነው የያዝነው» ማለት ነው። ይህን ሲሉ አቤቱታው ዋጋ አጣ ብለው አይተዉት፤ የጊዜ ቀጠሮው ከመፈቀዱ በፊት የነበሩት ቀናት ሕገወጥ እንደነበሩ በውሳኔው እንዲገለጽ ይጠይቁ። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር በኋላ ለካሳ ጥያቄ መሠረት ይሆናል። በዋስ የተለቀቀ ሰው በር ላይ ሌላ የፖሊስ አካል እንደገና ሲይዘው ደግሞ አዲስ የ48 ሰዓት ቆጠራ ይጀምራል፤ አዲስ ገጽ ይክፈቱ፣ የዋስትና ትእዛዙን ለሰጠው ፍርድ ቤትም ትእዛዙ እንዳልተከበረ በዚያው ቀን ያመልክቱ።

ድብደባና ማስፈራራት

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትና ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል፤ አንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደማይኖረው ይደነግጋል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 423 ሕገወጥ መያዝና ማሰርን፣ በአንቀጽ 424 ተጠርጣሪን በመደብደብ ወይም በማሠቃየት ቃል መቀበልን የመንግሥት ሠራተኛ ወንጀል አድርጎ አስቀምጧቸዋል። የተደበደበ ሰው የመጀመሪያው ዳኛ ፊት ሲቀርብ ልብሱን ገልጦ ጉዳቱን ያሳይ፤ ዳኛው ያዩት እንዲመዘገብና በመንግሥት ሆስፒታል እንዲመረመር ትእዛዝ ይጠይቅ። ቁስል ይድናል፣ ቀለሙ ይለወጣል፤ ስለዚህ አንድ ሳምንት መዘግየት ማስረጃን ማጥፋት ነው። ደም የነካው ልብስ ለመቀየር ሲወጣ አይታጠብ፤ በወረቀት ጠቅልለው ቀን ጽፈው ያስቀምጡት። ታሳሪው በቀል ፈርቶ ዝም ካለ አያስገድዱት፤ የነገረዎን ግን ጽፈው ይያዙ፣ ሲወጣ ራሱ ይወስናል።

ከፍርድ ቤት ውጭ ያሉ በሮች

ዐቃቤ ሕግ የፖሊስ ምርመራ በሕግ መሠረት መካሄዱን የመከታተል ኃላፊነት ስላለበት፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ወይም በክልሉ ፍትሕ ቢሮ በኩል አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመውና በአዋጅ ቁጥር 1224/2012 የተሻሻለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማንኛውንም ማረሚያ ቤትና የፖሊስ ማቆያ ሳያሳውቅ ገብቶ የመጎብኘት ሥልጣን አለው። ለኮሚሽኑ ሲያመለክቱ ስሜትዎን ሳይሆን ደብተሩን ያስገቡ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ ቀን፣ የጤና ሁኔታና የሚፈልጉት እርምጃ በአንድ ገጽ ይቅረብ። ታሳሪው ሕፃን ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም መድኃኒት የማይቋረጥበት በሽተኛ ከሆነ ያን በመጀመሪያው መስመር ይጻፉ። ቦታው ትምህርት ቤት፣ አዳራሽ ወይም ወታደራዊ ካምፕ ከሆነ ይህን በተለይ ይግለጹ፤ መደበኛ ባልሆነ ቦታ የተያዘ ሰው ከማንም በላይ ጎብኚ ያስፈልገዋል።

የራስዎ ጉዳይ ካለቀ በኋላም የሚሠራ ሌላ መንገድ አለ። የመረጃ ነጻነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ተቋሙ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፣ ካልመለሰ ወይም ከከለከለ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። አንድ መምሪያ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው እንደያዘ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ክስ እንደተመሠረተበት፣ ስንት የሥነ ሥርዓት እርምጃ በፖሊሶች ላይ እንደተወሰደ መጠየቅ የምርመራ ምሥጢር አይነካም፤ የሚጠየቀው ቁጥር ነው። የመንግሥት አሠራር ግልጽ ይሁን የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሥጋ የሚለብሰው በእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው። ያገኙትን ቁጥር ለመረጣችሁት የምክር ቤት አባል ይላኩት፤ አንቀጽ 55(7) የጸጥታ ኃይሎች ሰብአዊ መብት የጣሱ እንደሆነ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያጣራና እርምጃ እንዲወስድ ያዛል። ጥያቄውን ብዙ ሰው ፈርሞ ቢያስገባ የተሻለ ነው።

አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ

በ2015 ሐምሌ መጨረሻ የታወጀውና በ2016 የተራዘመው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለብዙ ቤተሰብ ያስተማረው፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ የ48 ሰዓቱ ድንጋጌ ሊታገድ እንደሚችል ነው። ይሁን እንጂ ስለ አስቸኳይ ጊዜ የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ራሱ ሊነኩ የማይችሉ መብቶችን ያስቀምጣል፤ የማሠቃየት ክልከላው አንቀጽ 18 እና የእኩልነቱ አንቀጽ 25 ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም አዋጁን ሲያጸድቅ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ያቋቁማል፤ የቦርዱ አንዱ ግዴታ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሁሉ ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ ነው። ስለዚህ ሰላሳኛው ቀን ሲሞላ ለቦርዱ «የዘመዴ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል ወይ» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። አዋጁ ባበቃ ዕለት ደግሞ የታገደው አንቀጽ 19 ይመለሳል፤ ያን ቀን ቆጠራው እንደገና መጀመሩን ይዘው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታውን ያስገቡ።

ከተፈታ በኋላ

ሰውየው ቤቱ ሲገባ ቤተሰቡ ደክሞታል፤ አብዛኛውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ይህን ውሳኔ አከብራለሁ። መጠየቅ ለሚፈልግ ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገድ አለው። አንቀጽ 2040 የሰውን ነጻነት ያለ ሕግ ለአጭር ጊዜም ቢሆን መገደብን ጥፋት ያደርገዋል። አንቀጽ 2126 ደግሞ ጥፋቱ የመንግሥት ሥራ በሚሠራበት አኳኋን የተፈጸመ እንደሆነ ካሳው ከመንግሥት ሊጠየቅ እንደሚችል፣ የግል ጥፋት ከሆነ ግን ሠራተኛው ራሱ እንደሚከፍል ይለያል። ለዚህ የተሰጠው ጊዜ በአንቀጽ 2143 መሠረት ሁለት ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ ለወንጀሉ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ (ክስ ሊቀርብ የሚችልበት የጊዜ ገደብ) ከተወሰነ ግን ያ ጊዜ ይሠራል። የጠፋ ገቢ፣ የሕክምና ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ፣ ከሥራ የተሰናበተበት ደብዳቤ አሁኑኑ ይሰብሰብ። በፖሊሱ ላይ የወንጀል አቤቱታ ለማቅረብ ከተነሡም ድርጊቱን የፈጸመውን ጣቢያ አልፈው በቀጥታ ለዐቃቤ ሕግ ያመልክቱ።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ምን ይሠራል

በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም፣ በሪያድ ወይም በቴል አቪቭ ያለ ወንድም ብዙ ጊዜ የሚልከው ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ለጠበቃ ከዋለ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሩቅ ሆኖ ከሚሠራው ሁሉ የሚሻለው የደብተሩን ቅጂ መጠበቅና ለተባበሩት መንግሥታት በዘፈቀደ እስራት ላይ ለሚሠራው የሥራ ቡድን ማመልከት ነው። ይህ የሥራ ቡድን የግለሰብ አቤቱታ ለመቀበል የአገር ውስጥ መፍትሔ ሁሉ ተሟጥጦ እንዲያልቅ አይጠብቅም። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ግን በአገር ውስጥ የተሞከረውን ሁሉ ማሳየት ይጠይቃል፤ ለዚያ የተጠራቀሙት የችሎት ግልባጮች ያስፈልጋሉ። የት እንዳለ ጨርሶ ላልታወቀ ሰው ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ሥር በግዳጅ ለተሰወሩ ሰዎች የሚሠራ ለብቻው የተቋቋመ ቡድን አለ፤ በአገር ውስጥም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 አስገድዶ መሰወርን በይርጋ የማይታገድ፣ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ የማይታለፍ ወንጀል አድርጎታል። የታሳሪውን ፎቶና ጉዳይ በማኅበራዊ መገናኛ ከማውጣትዎ በፊት ግን አገር ቤት ያለውን ቤተሰብና ጠበቃውን ይጠይቁ። በር ላይ የሚቆሙት እነርሱ ናቸው፤ ስሙ ሲወጣ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለውን ከእርስዎ ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።